ቃሉ እስኪወጣ ታገሡኝ

(በአንድ የወጣቶች መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ? ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ እንተባተባለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ዛሬም እዚህ ቆሜ ስናገር ቃል ይይዘኛል። አንዳንዱ ቶሎ ይለቀኛል፤ አንዳንዱ ይቆያል። ሲይዘኝ አትደንግጡ፣ አትሳቀቁልኝም። ቃሉንም ቀድማችሁ አትጨርሱልኝ። ምን ልል እንደፈለግኩ አውቃለሁ። የሚያስፈልገኝ ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ልነግራችሁ ከመጣሁት ነገር ግማሹ እዚሁ ውስጥ አለ። አዘጋጆቹ “ውስንነትን በበጎ አመለካከት ስለማሸነፍ ንገረን” ሲሉኝ ቆም ብዬ አሰብኩ። ምክንያቱም እኔ መንተባተብን አላሸነፍኩም። አሁንም አብሮኝ አለ። ያሸነፍኩት ነገር ካለ መደበቅን ነው። ሕይወቴን የቀየረውም እሱ ነው።

ስለ መንተባተብ ራሱ ትንሽ ልበል፤ የተሳሳተ ወሬ ብዙ ነውና። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከመቶ አንዱ ገደማ ይንተባተባል። ሕፃናት ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከመቶ ልጆች አምስቱ ያህል አንድ ሰሞን ይጀምራቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አፍ ከፈቱ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት። ከእነሱም አብዛኞቹን እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። አብሯቸው ከሚያድገው ውስጥ ወንዶች ከሴቶች በብዙ ይበልጣሉ።

ከየት ይመጣል? “ደንግጦ ነው” የሚል አለ። “ሰው ላይ ሲያሾፍ ተጋባበት” የሚልም አለ። ሁለቱም አይደለም። መንተባተብ በቤተሰብ ይወረሳል። በ2010 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ጂኖችን አግኝተዋል። በአንጎል ምስል የተደረጉ ጥናቶችም ንግግርን በሚያቀናጁት የአንጎል ክፍሎች ላይ ልዩነት እንዳለ ያሳያሉ። ከማሰብ ችሎታ ጋር ምንም አያገናኘውም። የወላጅ ጥፋትም አይደለም። ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም።

አንድ የሚገርም ጠባይ ደግሞ አለው። የሚንተባተብ ሰው ሲዘምር ወይም ሲዘፍን አይንተባተብም ማለት ይቻላል። ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነብም እንደዚያው ነው። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ “አቡነ ዘበሰማያት”ን ከልጆቹ ጋር ስደግም አንድም ቃል አይዘኝም ነበር። ጸሎቱ አልቆ መምህሩ “ስምህ ማነው?” ሲሉኝ ግን ዝም። አፌ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ “ሲፈልግ ይችላል እኮ፣ ሆን ብሎ ነው” ይል ነበር። ልጅ ሆኜ እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ችግሩ ከፍላጎቴ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ መደበቁ ልምጣ።

የሚንተባተብ ሰው ከሌላው ቀድሞ የሚማረው ሙያ ማምለጥ ነው። የሚይዙትን ቃላት ከሩቅ ያያቸዋል። ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ ሳይጨርስ፣ ሦስት ቃል ወደፊት ያለችውን አስቸጋሪ ቃል አይቷል። ስለዚህ መንገድ ይቀይራል። “የት ነው የምትኖረው?” ስባል “ቂርቆስ” ማለት አልችልም ነበር፤ “ከስታዲየም አለፍ ብሎ” እላለሁ። ካፌ ገብቼ የሚያምረኝ ማኪያቶ ነው፤ የማዘው ሻይ ነው። ሻይ ቶሎ ትወጣለች። ለዓመታት ሻይ ወዳድ የመሰልኳቸው ጓደኞች አሉኝ።

ታክሲ ግን መውጫ የለውም። “ወራጅ አለ” የሚባለው በሌላ ቃል አይተካም። ለገሃር መውረድ ሲገባኝ ሜክሲኮ ድረስ ሄጄ በእግሬ የምመለስበት ጊዜ ነበር። ሌላ ሰው “ወራጅ” ካለ አብሬው እወርዳለሁ፤ ሰፈሬ ይሁን አይሁን። ሰው የሚወርድበት ሁሉ የእኔ መውረጃ ነበር።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብሎ መቀመጥ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሁለት ቃል። ግን እነሱ ሁለት ቃላት አይቀየሩም፣ አይዞሩም። ደጃፉ ድረስ ደርሼ፣ ድንኳኑን አይቼ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። የጎረቤት ሐዘን አይሰማውም ተብዬ የምታማ እየመሰለኝ ቤቴ ውስጥ አነባ ነበር። መንተባተብ ያደረሰብኝን ጉዳት ጠይቁኝ ብትሉ፣ ቃል ላይ ቆሜ የቀረሁባቸውን ደቂቃዎች አልጠቅስም። የምጠቅሰው እነዚህን ነው፤ ያልገባሁባቸውን ቤቶች፣ ያልጠየቅኳቸውን ጥያቄዎች፣ ያልደወልኳቸውን ስልኮች።

ጆሴፍ ሺሃን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ራሱም ይንተባተብ ነበር። መንተባተብን ባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ጋር ያመሳስለዋል። ከውኃው በላይ የሚታየው ትንሹ ክፍል ሰው የሚሰማው መንተባተብ ነው፤ የሚደጋገመው ድምፅ፣ የሚጨማደደው ፊት። ከውኃው በታች ያለው ትልቁ ክፍል ደግሞ ማንም የማያየው ነው፤ ኀፍረት፣ ፍርሃት፣ መሸሽ፣ በራስ ላይ መፍረድ። ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ውስጤን የገለጠው መሰለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቃሉን ስትሸሸው ለጊዜው ይቀልሃል። ነገር ግን አእምሮህ “ይህ ቃል በእርግጥ አደገኛ ነው፣ እንኳን አመለጥክ” ብሎ ይመዘግባል። በማግስቱ ያው ቃል የበለጠ ይከብዳል። ከዚያ ሌላ ቃል ይጨመራል። ከዚያ ሌላ። እየቆየ የቀረህ ሻይ ብቻ ይሆናል።

ኀፍረት ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። የሚያሳዝን ነው፣ ግን መነገር አለበት። በ1939 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ በሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ በ22 ልጆች ላይ ሙከራ ተደረገ። ሙከራውን ያካሄደችው ሜሪ ቱዶር የተባለች የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አማካሪዋ ዌንደል ጆንሰን ነበር፤ የታወቀ ምሁር፣ እሱም የሚንተባተብ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ጥሩ አድርገው የሚናገሩ ነበሩ። ለእነዚያ ግን “መንተባተብ እየጀመራችሁ ነው፤ በደንብ መናገር ካልቻላችሁ አትናገሩ” እየተባለ ተነገራቸው። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ተንተባታቢ ሆኑ ለማለት የሚያበቃ ውጤት አልተገኘም። የሆኑት ሌላ ነው። ዝም አሉ። የሚናገሩት አነሰ፣ ክፍል ውስጥ ተሸማቀቁ፣ እያንዳንዱን ቃላቸውን መፍራት ጀመሩ። ምላሳቸው ጤነኛ ነበር፤ የተሰበረው ሌላ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2001 ይቅርታ ጠየቀ። በ2007 የአዮዋ ግዛት 925,000 ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ። በዚያን ጊዜ የቀሩት ልጆች አርጅተው ነበር።

ወላጆችና መምህራን እዚህ ካላችሁ ይህን ታሪክ አደራ አትርሱት። ልጅን ዝም የሚያሰኘው ስለ አነጋገሩ የሚሰማው ነገር ነው።

የእኔ ለውጥ በአንድ ጀምበር አልመጣም። ግን ነገሩ መዞር የጀመረበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። እኔ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ለሰው መድኃኒት አወሳሰድ አስረዳለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ “ቂርቆስ”ን “ከስታዲየም አለፍ ብሎ” ማለት ይቻላል። መድኃኒት ላይ ግን ዙሪያ ጥምጥም አይሠራም። ግማሽ ፍሬ ማለት ግማሽ ፍሬ ነው። ሰው ሲያዳምጥ ሊጠራጠር አይገባም። እዚያ ባንኮኒ ላይ መሸሽ የሚጎዳው እኔን ብቻ አይደለም።

አንድ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መጡ። ነጠላቸውን ፈታ አድርገው ጫፉ ላይ ከተቋጠረው ብር ጋር የታጠፈ ማዘዣ አወጡ። የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ግማሽ ፍሬ፣ በየቀኑ ጠዋት። መድኃኒቱን አውጥቼ ማስረዳት ስጀምር “ግ” ላይ ቆምኩ። ግ… ግ… አልወጣ አለ። ከኋላቸው ሰልፍ አለ። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አንዷ ስልኳን ትነካካለች። እሳቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ትንፋሽ ወስጄ አልኳቸው፤ “እማማ፣ እኔ ስናገር እንተባተባለሁ። ትንሽ ይታገሡኝ።”

“ውይ ልጄ!” አሉኝ። “እኔስ መቼ ቸኮልኩ? ቀስ ብለህ ንገረኝ። እኔም እኮ ጆሮዬ ከብዷል።” ብለው ባንኮኒው ላይ ደገፍ አሉና ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

“ግማሽ ፍሬ” አልኩ። ተያይዞ፣ ረዝሞ ወጣ። እሳቸው “ግማሽ ፍሬ” ብለው ደገሙት። “ጠዋት ጠዋት” አልኩ። “ጠዋት ጠዋት” አሉ። ከዚያ ያለ እኔ እርዳታ ሁሉንም ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ነገሩኝ። ትክክል ነበር። መድኃኒታቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቋጥረው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ይህ የሥራዬ ልማድ ሆነ። መጀመሪያ እንደምንተባተብ እናገራለሁ። ቀጥሎ አስረዳለሁ። በመጨረሻ ደንበኛው የሰማውን መልሶ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ። ይህ የመጨረሻው ነገር በሙያችን ለሁሉም ፋርማሲስት የሚመከር ነው፤ በሽተኛው በትክክል መረዳቱን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ መንገድ የለም። በችኮላ ግን ይዘለላል። እኔ መቸኮል ስለማልችል አልዘለውም። ስለ ራሴ ይህን ስናገር ኩራት ይሰማኛል፣ አልደብቃችሁም።

ራስን መቀበል ሲባል ብዙ ሰው እጅ መስጠት ይመስለዋል። “ተቀበልኩት” ካልክ መሻሻሉን ተውከው ማለት ነው ይሉኛል። እኔ ያየሁት የተገላቢጦሹን ነው። መንተባተቤን እየደበቅኩ በነበረበት ዘመን አንድም ነገር አልተሻሻለም፤ የምደብቀውን ነገር እንዴት አድርጌ ልለማመደው? ከተቀበልኩት በኋላ ነው ልምምድ የጀመርኩት።

ቻርልስ ቫን ራይፐር የሚባል ሰው ነበር። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ። በንግግር ሕክምና ታሪክ ስሙ ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ነው። ወጣት ሳለ በጣም ይንተባተብ ስለነበር አንድ እርሻ ላይ ተቀጥሮ ሲሠራ መስማትም መናገርም እንደማይችል አስመስሎ ኖሯል። ኋላ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ያገኛል። ሽማግሌው እሱ ሲንተባተብ አይተው ይስቃሉ። ሊቆጣ ሲል ራሳቸውም ተንተባታቢ መሆናቸውን ይነግሩታል፤ አሁን ግን አርጅተው ደክሟቸዋልና ከራሳቸው ጋር መታገሉን ትተው ቃሉ እንደፈለገ እንዲወጣ እንደሚተዉት ይነግሩታል። ቫን ራይፐር ይህን ይዞ ነው የሄደው። የሕይወት ዘመን ሥራው የተነሳው ከዚህ ሐሳብ ነው። አለመንተባተብን ዋና ግብ አላደረገም፤ ሳይታገሉ፣ ሳይጨነቁ፣ ቀለል አድርጎ መንተባተብ ይቻላል አለ። ራሱም እስከ ዕድሜው መጨረሻ ተንተባትቧል።

እኔ የማደርገውም በአብዛኛው ከእሱ መንገድ የመጣ ነው። ቃል ሲይዘኝ አልገፋውም። ስትገፋው ይጠብቃል። እዚያው ባለሁበት እቆያለሁ፣ ከንፈሬና ጉሮሮዬ የት ላይ እንደጠበቁ አስተውላለሁ፣ ከዚያ ቀስ አድርጌ እለቀዋለሁ። የማናግረውን ሰው ዓይን አልሸሽም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሳልያዝ ሆን ብዬ እንተባተባለሁ። ይህ ለሰሚ እብደት ይመስላል። ግን የምትፈራውን ነገር በራስህ ፈቃድ ስታደርገው ፍርሃቱ ይሟሟል። አሁን ጌታው አንተ ነህ።

እምነትን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። በልጅነቴ ጸበል ተወስጃለሁ። እምነት አለኝ፣ ጸበል መሄድን አልነቅፍም። ነገር ግን ልጅ “ያልተሻለህ እምነትህ ስላነሰ ነው” ሊባል አይገባም። ሙሴን ተመልከቱ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 ላይ አንደበቱ እንደሚከብደው ለእግዚአብሔር ይናገራል። እግዚአብሔር አፍን የፈጠርኩ እኔ ነኝ አለው፤ እሱ ግን ሌላ ሰው ላክ ብሎ ለመነ። አሮን ወንድሙ ተጨመረለት። ወደ ፈርዖን ከመሄድ ግን አልቀረም። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼም ይህን ያውቁታል፤ በሱረቱ ጣሃ ሙሳ ከምላሱ ላይ ቋጠሮው እንዲፈታለት ይለምናል። በሁለቱም ዘንድ ከነቢያት ሁሉ ከአምላኩ ጋር በመነጋገር የሚታወቀው እሱ ነው።

በጎ አመለካከት ስለሚባለው ነገር ግልጽ ልሁን። “ትችላለህ! አስበው፣ ይሆናል!” የሚለው ስብከት እኔን ጎድቶኛል። ምክንያቱም ነገ ጠዋት ተነስቼ እንደገና ስንተባተብ፣ በደንብ አላሰብኩም ማለት ነው። ጥፋቱ ወደ እኔ ይመለሳል። በሰው አንጎልና በዘር ውስጥ ያለን ነገር በጉጉት ብቻ ማጥፋት አይቻልም፤ ይቻላል ብሎ ተስፋ መስጠት ጭካኔ ነው። እኔ የያዝኩት በጎ አመለካከት ከዚህ ያነሰና ከዚህ የጠነከረ ነው። ዛሬ ስብሰባ ላይ ጥያቄ አለኝ፤ እየተንተባተብኩ እጠይቀዋለሁ። ለቅሶ አለ፤ እገባለሁ። ማኪያቶ አምሮኛል፤ ማኪያቶ አዛለሁ። ቀኔ ጥሩ ነበር የምለው የምፈልገውን ስናገር ነው። ስንት ጊዜ እንደተያዝኩ መቁጠር ትቻለሁ።

መጥፎ ቀን አለ። እንቅልፍ ሳጣ፣ ስናደድ፣ ሲደክመኝ ይብስብኛል። ስልክ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ስልክ ላይ ዝም ስትል ሰው “ሃሎ? ሃሎ? ይቆራረጣል” ብሎ ይዘጋዋል። ያን ጊዜ መልሼ እደውላለሁ፤ “አልተቆራረጠም፣ እኔ እየተንተባተብኩ ነው” እላለሁ። አብዛኛው ሰው ይረጋጋል፣ ይጠብቀኛል።

ሁሉም ሸክም የተንተባታቢው አይደለም። ከውስንነታችን ከፊሉ ያለው ሰሚው ጋ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ “መልካም የመግባባት ችሎታ” ይጠይቃል። እሺ፣ ይጠይቅ። ግን ለቃለ መጠይቅ የገባው ልጅ አምስት ሰከንድ ዝም ካለ አያውቅም ማለት አይደለም። ቀጣሪዎች ካላችሁ አምስቷን ሰከንድ ስጡት። መምህራን፣ ስም ስትጠሩ “አቤት” ማለት የሚያቅተው ልጅ ካለ እጁን ሲያወጣ ይብቃችሁ። ጮክ ብሎ ማንበብ ሲኖር ከጓደኛው ጋር አንድ ላይ ያንብብ፤ አብሮ ማንበብ እንደሚያቀል ነግሬያችኋለሁ። ክፍሉ ሲስቅ ዝም አትበሉ። ወላጆች፣ “ተረጋጋ፣ ቀስ በል፣ ትንፋሽ ውሰድ” የሚለውን ተዉት፤ በፍቅር እንደምትሉት አውቃለሁ፣ ግን ልጁ የሚሰማው “አነጋገርህ ልክ አይደለም” የሚለውን ነው። ከዚያ ይልቅ እናንተ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ አውሩት። የሚለውን ስሙ፣ አባባሉን ተዉት። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ መንተባተብ ጀምሮት ወራት ካለፉ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ የሚንተባተብ ካለ፣ ባለሙያ ማማከር ይጠቅማል፤ በጊዜ ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ ነው።

ኦክቶበር 22፣ በእኛ ጥቅምት 12 ገደማ፣ ከ1998 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የመንተባተብ ግንዛቤ ቀን ሆኖ ይውላል። በየትምህርት ቤታችሁ አንድ ነገር ብታደርጉበት ደስ ይለኛል። ዝግጅቱ ትልቅ መሆን የለበትም። የሚንተባተብ አንድ ተማሪ ከፈለገ መድረክ ይሰጠው፣ ጊዜ ይሰጠው።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላ በስተግራ በኩል ካለው የመጨረሻ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከእናንተ መሃል የሚንተባተብና ሊደውለው የሚገባ፣ ግን ሲሸሸው የቆየ ስልክ ያለው ካለ ይምጣ። አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፣ ይደውላል።